ስለ ኬቤክ መስቀልና ስለ መምህራን አለባበስ

በካናዳ፥ በኬቤክ ምክር ቤት ውስጥ ከአፈ ጉባኤው መንበር በላይ መስቀል የተሰቀለው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1936፥ በሞሪስ ዱፕሌሲ ዘመን ነበር። በ2008 ቡሻርና ቴይለር የመሩት ኮሚሲዮን «ከዚያ ይነሣ» ብሎ ቢመክር፥ ምክር ቤቱ በዚያው ቀን እንዲቈይ በአንድ ድምፅ ወሰነ። የወረደው በ2019 ነው።

በዚሁ ዓመት የወጣው ሕግ ቍጥር 21 ፖሊሶችና የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን በሥራ ላይ ሳሉ የሃይማኖት ምልክት እንዳያደርጉ ከለከለ። ኮሚሲዮኑ ግን ክልከላው መምህራንን እንዲነካ አልመከረም ነበር።

የትምህርት ሚኒስቴር በ1964 እስኪቋቋም ድረስ ትምህርትን የሚመሩት የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ኮሚቴዎች ነበሩ፤ በሃይማኖት የተከፈሉት የትምህርት ቦርዶችም በቋንቋ የተተኩት በ1998 ነው። ብዙ የካቶሊክ ልጆች ፊደል የቈጠሩት የምንኵስና ልብስ ከለበሱ ሴቶች መነኮሳት ዘንድ ነበር። የዛሬዋን መምህርት ሒጃብ የሚያዩ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ይህንኑ ይመስለኛል። ነገር ግን የእስልምና ሃይማኖት የኬቤክን ትምህርት ቤት ገዝቶ አያውቅም። ሕጉ አስቀድመው የተቀጠሩት በያዙት ሥራ እስካሉ ድረስ ምልክታቸውን እንዳይተዉ ፈቀደ፤ ገና በመምህራን ማሠልጠኛ ላለችው ተማሪ ግን ከሒጃብዋና ከሙያዋ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባት።