አውሬውን ማን ጫነው?

«ኤሊያን»ን ያላየ የከተማ ልጅ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ዓይን የሌለው፣ ደሙ አሲድ የሆነ፣ ከአፉ ውስጥ ሌላ አፍ የሚያወጣ፣ ሰው ደረት ውስጥ አድጎ ደረቱን ቀዶ የሚወጣ ያ ጥቁር ጉድ ከነለሀጩ ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ አለ። ፊልሙን ካየነው መካከል ግን ኮሚክሱን ያነበብን ጥቂቶች ነን። ኪሳራ ነው! ታሪኩ እስከ ጫፉ የተገፋው እዚያ ነውና።

(ዘመኑ እንዳይምታታባችሁ የውጪውን ታሪክ እ.ኤ.አ. እያልን፣ የራሳችንን ደግሞ በዓ.ም. እንጽፋለን።)

የመጀመሪያው ኮሚክስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። አሳታሚው «ዳርክ ሆርስ» የተባለ የአሜሪካ ድርጅት፣ ጸሐፊው ማርክ ቨርሃይደን፣ ሠዓሊው ማርክ ኔልሰን። ቀለም የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ይበልጥ የሚያስፈራው። ታሪኩ ከሁለተኛው ፊልም በሕይወት የተረፉትን ወታደሩን ሂክስንና ትንሿን ኒውትን ካደጉ በኋላ ይከተላል። (ሦስተኛው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1992 ወጥቶ ሁለቱንም ገና ከመነሻው ገደላቸው። አሳታሚው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በኋላ እትሞች ላይ ስማቸውን ዊልክስና ቢሊ ብሎ ቀየረና ኑሯቸውን አስቀጠለ። የኮሚክስ ሰው ሞት እንዲህ ነው!)

እዚህ ላይ «ባዮናሽናል» የሚባል ኩባንያ አለ። አውሬው እጁ ይገባል። ሊገድለው ይችላል፤ አይገድለውም። ላቦራቶሪ ውስጥ ይዞ ያሳድገዋል፤ ለጦር መሣሪያነት የሚሸጥ ዕቃ ነውና። በዚያው ሰሞን ስለ አውሬው ሕልም የሚያዩ ሰዎች ይበዛሉ፤ እንደ አምላክ የሚሰብክላቸውም ይነሳል። መጨረሻ ላይ አውሬው ከላቦራቶሪው ወጥቶ ምድርን ይሞላታል፤ መርከብ ያገኘ የሰው ልጅ ምድርን ጥሎ ይሸሻል። ቀጣዩ ክፍል ላይ ደግሞ ስፒርስ የሚባል ጄኔራል ይመጣል። ይሄ ሰውዬ አውሬዎቹን እንደ ወታደር አሠልጥኖ፣ በእነሱው ምድርን ለማስመለስ ይነሳል። ሰልፍ ያሠለጥናቸዋል በሉት። ምን እንደገጠመው ለመገመት ኮሚክሱን ማንበብ አያስፈልግም።

ደጋግመን ስናነብ የታየን ነገር አውሬው ምኞት የሌለው መሆኑ ነው። ይበላል፣ ይራባል፤ በቃ። ሥልጣን አይፈልግም፣ ገንዘብ አይቆጥርም። በእያንዳንዱ ክፍል ግን አንድ ሰው አለ፤ ከአውሬው አንዳች ጥቅም የሚጠብቅ፣ «እኔ እቆጣጠረዋለሁ» ብሎ መርከብ ላይ የሚጭን።

ወደ እኛ ከመምጣታችን በፊት አንድ ነገር ሳንነግራችሁ አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ1979ኙ ፊልም ውስጥ ያንን አውሬ ለብሶ የተወነው ሰው ናይጄሪያዊ ነው፤ ቦላጂ ባዴጆ ይባላል። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከስምንት ሴንቲ ሜትር፣ እጅና እግሩ ቀጭንና ረጅም። ለንደን ውስጥ የግራፊክስ ተማሪ ሳለ መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ ነው ለፊልሙ ተዋናይ የሚመለምል ሰው ያየው። ይሄ ልጅ ለንደን ከመግባቱ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ ሥነ ጥበብ ተምሯል! የዓለምን እንቅልፍ የነሳው አውሬ በኛ አገር ሥዕል ሲማር የነበረ ወጣት መሆኑን ስንሰማ ማመን አቅቶን ነበር። ሌላ ፊልም አልሠራም። ወደ ሌጎስ ተመልሶ የሥዕል ጋለሪ ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በ39 ዓመቱ በደም በሽታ ሞተ።

እንግዲህ ወደ ሰሜን እንውጣ።

ከደባርቅ ተነስታችሁ ሊማሊሞን ስትወርዱ፣ ያ ጠመዝማዛ መንገድ ጆሯችሁን ደፍኖ ሲጨርስ፣ ግርጌው ላይ ድብ ባሕርን ታገኛላችሁ። መኪና የሚሄድበትን መንገድ የጠረበው የጣሊያን ወረራ ነው፤ ሰውና በቅሎ ግን ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ይሄንን ገደል ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ተከዜን ተሻግሮ፣ በአዲ አርቃይና በዛሪማ አድርጎ፣ ድብ ባሕር ትንፋሹን ሰብስቦ ነበር ሊማሊሞን የሚወጣው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ይሄንኑ ገደል ወጥቶ ነው። ሐሩ፣ ጠመንጃው፣ ከግብጽ የሚላከው ጳጳስ … ከባሕር የሚመጣ ነገር ለደጋው ሰው በዚህ በኩል ነበር የሚደርሰው። የቦታው ስም ውስጥ «ባሕር» መኖሩ አጋጣሚ ቢሆንም ደስ ይላል።

በ1877 ዓ.ም. ጣሊያን ምጽዋን ያዘ። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አንድ የጣሊያን ጦር ደመሰሱ። ሮም ተቆጣች። በዚያው ዓመት መጨረሻና በ1880 ዓ.ም. መባቻ ሃያ ሺህ ገደማ የሚሆን ጦር ምጽዋ ላይ ማራገፍ ጀመረች። ሃያ ሺህ ሰው ይበላል፤ ምጽዋ ደግሞ አሸዋና ጨው ናት። ስለዚህ ለጦሩ የሚሆን ከብት በመርከብ መጣ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ከህንድ የመጣ ከብት ነበር። ከከብቱ ጋር ማንም ያላየው ተሳፋሪ ወረደ።

የበሽታው ስም በአማርኛ «ደስታ» ነው። አዎ፣ ደስታ! የእንስሳት ሐኪሞቻችን ዛሬም እንዲሁ ነው የሚሉት። ከኩፍኝ ቫይረስ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሰው ግን አይነካም። በሬው ለጥቂት ቀናት ምንም የሆነ አይመስልም፤ ይግጣል፣ ያመሰኳል። ከዚያ ያተኩሰዋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ይዝረበረባል፣ አፉ ውስጡ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፤ ትኩሳቱ ከጀመረው በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወድቃል። ጤነኛ መስሎ በሚታየው አካል ውስጥ ተደብቆ መጓዙን ስታስቡ ኮሚክሱ ትዝ ካላላችሁ እኛ የለንበትም።

ቀድሞ የማያውቀው ከብት ላይ ነበርና የወደቀው በ1880 እና በ1881 ዓ.ም. ሰሜኑን ጠራርጎ ወደ ሸዋ አለፈ። በጊዜው የነበሩ ሰዎች ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ብለው ገምተዋል። እዚህም አልቆመም፤ ደቡብ ደቡቡን ወርዶ የማሳዮችን መንጋ ፈጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ። ጎሹም፣ ቀጭኔውም፣ አጋዘኑም አልተረፈለትም።

ሰው የማይነካ በሽታ እንዴት ሰው ይጨርሳል? መልሱን ከተማ ላደግን ልጆች ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል። በሰሜን ደጋ ገበሬ ማለት ጥማድ በሬ ያለው ማለት ነው። ሞፈሩና ቀንበሩ ያለ በሬ እንጨት ናቸው። በሬ የሌለው ሰው መሬት ቢኖረውም አያርስም፤ ካላረሰ አይዘራም፤ ያለችውን ዘር ደግሞ ይበላታል። ላሟ ስለሞተች ወተት የለም፤ ኩበት የለም፤ ተሽጦ እህል የሚገዛበት ወይፈን የለም። በዚያ ላይ ዝናቡ ቀረ፤ አንበጣና ተምች መጣ። ሰው ሲዳከም ተስቦውና ፈንጣጣው ተከተለ። ቀባሪ ጠፋ፤ ጅብና ነብር ሰው መልመድ ጀመሩ። ዘመኑ «ክፉ ቀን» ተባለ፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። የአገሩ ሕዝብ ሲሶው አለቀ የሚል አሮጌ ግምት አለ፤ ቁጥሩ ላይ የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ፤ የመከራው ስፋት ላይ ግን አይከራከሩም።

ጎንደር ደግሞ እጥፍ ድርብ ነበር የደረሰባት። በጥር 1880 ዓ.ም. የድርቡሽ ጦር በአቡ አንጃ መሪነት ሣር ውሃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ሰብሮ ከተማዋ ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ሰው ማርኮ ነዳ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ የንብ መንጋ አዳነው ይባላል። ከዓመት በኋላ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ከምዕራብ እሳት፣ ከምሥራቅ «ደስታ»። ጎንደሬ የትኛውን ይሽሽ?

ሸዋ ላይ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፤ በሬ ባይኖርም በእጅ መሬት ማረስ ነውር አይደለም ለማለት ነበር። ለንጉሥ ቀላል ነገር አልነበረም፤ መቆፈር የተናቀ ሥራ ነበርና። ለአንድ ጥሩ ሠዓሊ ከዚህ የተሻለ ሥዕል ከየት ይመጣል? ንጉሠ ነገሥት፣ ዶማና ባዶ በረት።

ጣሊያን ሆን ብሎ በሽታ አመጣ ወይ? እንዲህ የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አይመስለንም። በሽታው ጣሊያን የያዘውንም አገር ከብት ነው የጨረሰው። ኮሚክሱም የሚያስተምረን ይሄንኑ ነው፤ «ባዮናሽናል» ምድርን የማጥፋት ዕቅድ አልነበረውም፤ ትርፍ እንጂ ጥፋት አላሰበም። ምጽዋ ላይም የሆነው ይሄው ነው። የከብቱን ጤና ከመፈተሽ ጦሩን መመገብ ይበልጥ ያስቸኩል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ይበልጥ ያናድዳል። ጣሊያን በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. «ኤርትራ» ብሎ ቅኝ ግዛቱን አወጀ። ሰው በረሃብ ያለቀበትን፣ የተሰደደበትን የደጋ መሬት አየና «ባለቤት የሌለው መሬት» አለው። ባሮን ፍራንኬቲ የሚባል ሰው የጣሊያን ገበሬዎችን አምጥቶ ማስፈር ጀመረ። ከስደት የተመለሰው ገበሬ ርስቱ ላይ ባዕድ ሰፍሮ አገኘ። ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በ1887 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ያመጹት በዚህ ነው፤ ከዓመት ከመንፈቅ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥም ዓድዋ ሆነ። አውሬው ባጸዳው መሬት ላይ ዘር መዝራት … ጄኔራል ስፒርስ ይሄንን ቢሰማ ይቀና ነበር።

የ«ደስታ» መጨረሻ፣ አመስግኑ፣ ከኮሚክሱ ይለያል። ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ ኬንያ ውስጥ አስተማማኝ ክትባት ሠራ። በኋላም ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኘ፤ መኪናና ፍሪጅ የማይደርስበት አፋር ውስጥ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው ከብቶቻቸውን ከተቡ። እኛ አገር ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። የአክስቱ ልጅ የሆነው፣ በግና ፍየል የሚፈጀው «ደስታ መሰል» ግን አሁንም አለ።

ከምድር ጠፋ ማለት ግን ከላቦራቶሪ ጠፋ ማለት አይደለም። ጥቂት አገሮች ቫይረሱን በበረዶ አድርቀው ይዘውታል። እንዲይዙ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተፈቀደላቸው ተቋማት አንዱ ቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ሕብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል (ፓንቫክ) ነው። አዎ፣ ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ዳር የምንዝናናባት ቢሾፍቱ! የሚያዘው በክፋት አይደለም፤ በሽታው ቢመለስ ክትባት ለመሥራት ነው፤ በየቦታው ከተበታተነ ይልቅ በተጠበቀ ቦታ ቢሰበሰብ ይሻላል ተብሎም ነው። እንግሊዝ አገር ያለው የፐርብራይት ተቋም ግን የቫይረሱን የዘረ መል ቅደም ተከተል ከመዘገበ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 የራሱን ክምችት አጠፋ። በመካከላችን ክርክር አለ፤ ግማሾቻችን «ይቃጠል» ባዮች ነን፤ ግማሾቻችን «ጠላትህን ከዓይንህ አታርቅ» ባዮች ነን። ኮሚክስ የሚያነቡት «ይቃጠል» ይላሉ።

በሥራት ደበበ «ኢታን ኮሚክስ»ን ይዞ መጥቶ «ጀምበር»ን ሲያወጣ፣ የኛ ልጅ ጀግና ሆኖ በአማርኛ ሲናገር ደስ ብሎን ነበር። ጀግና አገኘን፤ የሚያስፈራ ኮሚክስ ግን ገና ነው። ክፉ ቀንን የሚስል ከተገኘ ሰማይ ቤት ድረስ መርከብ መላክ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ገጽ ምጽዋ ይሁን፤ ሙቀት፣ ዝንብ፣ ከመርከብ የሚወርዱ የሰቡ ከብቶች፣ ደብተር ይዞ የሚፈርም አንድ መኮንን። ሁለተኛው ገጽ ላይ ድብ ባሕር ያለ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ወደ ማሳው ሲወጣ ይታይ። አውሬው እስከ ገጽ ሃያ ባይታይም እንታገሳለን።