«ጎሮ» ስንት ፊደል ነው? የሁለቱ ፓይተኖች ዘመን

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የአይሲቲ ፓርክ የሚገኝበት አካባቢ ጎሮ ይባላል። ስሙ በሁለት ፊደላት ይጻፋል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ 2ኛ ትውልድ ግን፣ ይህ ስም በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ተጽፎ እንደ ተራ ጽሑፍ ሲቀርብለት፣ 6 ብሎ ይቈጥረው ነበር። በዚያ ሥርዓት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ቋንቋውም የሚቈጥረው ባይቱን እንጂ ፊደሉን አልነበረም።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታውን አግኝቷል። በዓመቱ የወጣው ፓይተን 2.0 ዩኒኮድን በተለየ የጽሑፍ ዓይነት ቢቀበልም፣ ያን ዓይነት ለይቶ ማዘዝ የፕሮግራሙ ጸሐፊ ፋንታ ነበር። ጸሐፊው የዘነጋ እንደ ሆነ አንድ የአማርኛ ስም ከፊደሉ መካከል ሊቈረጥና ወደማይነበብ ምልክት ሊለወጥ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3.0 ተራውን ጽሑፍ ዩኒኮድ በማድረግ ይህን አቃና። «ጎሮ»ም 2 ሆኖ ተቈጠረ።

ይሁን እንጂ እርማቱ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ለአሮጌው የተጻፈ ብዙ ፕሮግራም ሳይታረም በአዲሱ አይሠራም ነበር። እንደ ሴንትኦኤስ 7 ባሉ የሊኑክስ ሥርዓቶች ፕሮግራም የሚጭነው መሣሪያ ራሱ በፓይተን 2 ይሠራ ስለ ነበር፣ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን በቦታው መተካት የቤትን ምሰሶ እንደ መንቀል ያህል ነበር።

ስለሆነም መፍትሔው ሁለቱን ጎን ለጎን መጫን ሆነ። አሮጌው ስሙንና ስፍራውን እንደ ያዘ ይቈያል፤ አዲሱ በስሙ ላይ ቍጥሩን ጨምሮ ይጫናል፤ እያንዳንዱም ሥራ የሚያስፈልገውን በቍጥሩ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፓይተን 3.3 ደግሞ ለየሥራው የተለየ ክፍል የሚያዘጋጅ መሣሪያ ይዞ መጣ።

የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲያበቃ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሥራ ገና ባለመሸጋገሩ ቀጠሮው ወደ 2020 ተራዘመ፤ በዚያ ዓመት መግቢያም ድጋፉ ተቋረጠ።

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ማኖር ሥራን ከመቋረጥ ያድናል። ቀን ካልተቈረጠለት ግን ስሕተቱንም አብሮ ያኖራል። በአሮጌው ፓይተን ተራ ጽሑፍ የሚሠራ የስም መዝገብ ዛሬም በአንድ መሥሪያ ቤት ቢገኝ፣ «ጎሮ»ን አሁንም የሚቈጥረው 6 ብሎ ነው።