ከካፖርት ሥር የተደበቀ ካሜራ

በ1930ዎቹ መጨረሻ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ለመሳፈር 5 ሳንቲም ይበቃ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ጸሐፊዋ፣ ነጋዴውና ሥራ ፈላጊው በአንድ ፉርጎ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጓዛሉ። ከ1938 እስከ 1941 ድረስ በብርዱ ወራት ከእነርሱ ጋር ሲመላለስ ከነበሩት አንዱ ዎከር ኢቫንስ ነው። ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ ቢሆንም ካሜራውን ግን ማንም አላየበትም።

ካሜራው በ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚሠራ ኮንታክስ ነበር። ኢቫንስ የሚያብለጨልጨውን ብረት ጥቁር ቀለም ቀባው፤ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎም ካፖርቱን ደረበበት። ሌንሱ ብቻ በካፖርቱ ቁልፎች መካከል ብቅ ይላል። ካሜራውን የሚያስነሣው ቀጭን ገመድ በእጅጌው ውስጥ አልፎ መዳፉ ላይ ይደርሳል። አንዳንዴ ወዳጁ ሄለን ሌቪት አብራው ትቀመጥ ነበር፤ እርሷም ኋላ የኒውዮርክን ልጆች የመንገድ ጨዋታ በማንሣት ስሟ የገነነ ባለሙያ ናት።

በካሜራው መመልከቻ ማየት አይችልም፤ ፍላሽ ቢያበራ ደግሞ ምስጢሩ ይጋለጣል። ስለዚህ በደብዛዛው የፉርጎ መብራት፣ ርቀቱን በግምት ለክቶ፣ ባቡሩ እያንገጫገጨው ያነሣል። ምን እንዳገኘ የሚያውቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው።

ትናንሽ ካሜራዎች ከመምጣታቸው በፊት ቢሆን ይህ እጅግ ከባድ በሆነ ነበር። በጀርመን ቬትስላር ከተማ፣ በማይክሮስኮፕ ሥራ በሚታወቀው የላይትስ ፋብሪካ የነበረው ኦስካር ባርናክ፣ የሲኒማ ፊልም የሚጎርስ ትንሽ ካሜራ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሠርቶ ነበር። ያ ሙከራ ላይካ ተብሎ በ1925 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ለሕዝብ ቀረበ። በአንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ የሚያነሣ፣ ኪስ የሚገባ መሣሪያ ነው። ኮንታክስ በ1932 የመጣው ላይካን ሊፎካከር ነው።

ኢቫንስ ራሱ በ1936 ከጸሐፊው ጄምስ ኤጂ ጋር አላባማ ወርዶ የጥጥ ገበሬዎችን ያነሣው በአብዛኛው በትልቅ ባለ እግር ካሜራ ነበር። ገበሬዎቹ እየተነሡ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ሌንሱን ቀጥ ብለው ያዩታል። እነዚያን ፎቶዎች ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች እቆጥራቸዋለሁ። ነገር ግን ካሜራ ፊት የቆመ ሰው የትኛውን ፊቱን እንደሚሰጥ ራሱ ይመርጣል። ባቡሩ ውስጥ ግን የሚመርጥ የለም። ሰዎቹ ደክሟቸዋል፤ ጋዜጣ ያነብባሉ፤ ዓይናቸው አንድ ነጥብ ላይ ፈዞ ይቀራል። ማንንም ለማስደሰት ያልተዘጋጀ ፊት ይህን ያህል ክብር እንዳለው ያየሁት በእነዚህ ፎቶዎች ነው።

ኢቫንስ ከ600 በላይ ፎቶ አነሣ። ኤጂም በ1940 ፎቶዎቹ ሊታተሙበት ለታሰበው መጽሐፍ መግቢያ ጻፈ። መጽሐፉ ግን አልወጣም። ጥቂት ፎቶዎች ቀደም ብለው በመጽሔት ቢታዩም፣ ርእሱን ከማቴዎስ ወንጌል የወሰደው «ሜኒ አር ኮልድ» («የተጠሩ ብዙዎች ናቸው») 89 ፎቶዎችን ይዞ የታተመው በ1966 ነው። ኤጂ በ1955 በመሞቱ አላየውም። ኢቫንስ ያልተፈቀደለትን መውሰዱ ይከነክነው ነበር፤ ራሱን ከሰላይ ጋር እያመሳሰለ ጸጸቱን በጽሑፍ ገልጿል።

እኔ ይህን መዘግየት ከሥራው ለይቼ አላየውም። ከካፖርት ሥር ካሜራ መደበቅ ብልሃት ላለው ሁሉ ይቻላል፤ የሰረቁትን ፊት ዓመታት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ መታገሥ ግን ለሰው ማሰብን ይጠይቃል። ቢሆንም ጊዜ ፈቃድን አይተካም። በ1941 የሃያ ዓመት ወጣት ሆና የተነሣች ተሳፋሪ መጽሐፉ ሲወጣ ገና 45 ዓመቷ ነው፤ ከመጻሕፍት መደብር ገብታ ራሷን ልታገኝ ትችል ነበር።