አባ ጎርጎርዮስና የመንገደኛ ቋንቋ

በሀዋሳ ገበያ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ፤ የደንበኛውን ቋንቋ የሚያውቅ ነጋዴም ባዕድነት ፈጥኖ ይለቀዋል። ይህ ነገር ከአገር ውጭ ለሚጓዝ ሰው ይበልጥ እንደሚጸና የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ ያስረዳል።

የአምሐራው መካነ ሥላሴ ተወላጅ የነበሩት እኒህ መነኩሴ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ ግዕዝን የተማረው ከመጽሐፍ ስለ ነበረ በመጀመሪያ ያለ አስተርጓሚ መነጋገር አልቻሉም። ውሎ አድሮ ግን ያግባባቸው ያው ግዕዝ ሆነ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን፣ ወደ ጎታ ተጋብዘው ስለ አገራቸው ታሪክና ሥርዓት አስረዱ፤ አማርኛንም አስተማሩ። በ1658 በመርከብ አደጋ ባሕር ላይ ሞቱ። ትምህርታቸው ግን በ1681 በታተመው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 በወጡትም የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ውስጥ ተጠብቆ ቀረ።

እንግዲህ ቋንቋ ለመንገደኛ ምግብና ማደሪያ መጠየቂያ ብቻ አይደለም፤ አገሩን ሌላው ሳይተርክለት በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ ያስችለዋል። ስለዚህ ለጉባኤም ሆነ ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄድ ባለሙያ የአስተናጋጁን ቋንቋ ሲማር የራሱንም አጥርቶ ሊያውቅ ይገባዋል።