ተሳቢን በፒካፕ መጎተት (ደብረ ብርሃን – ጣርማ በር)

ተሳቢ የራሱ ሞተር የሌለው፣ ሌላ ተሽከርካሪ የሚጎትተው የጭነት ማመላለሻ ነው። ፒካፕ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ «ስንት ኩንታል ይጎትታል?» ይላል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ለሚወርድ ግን የሚያሳስበው ስንት ኩንታል ይዞ መቆም መቻሉ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መንገዱ ከዚያ ወደ ጣርማ በር ይወጣና ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን 587 ሜትር ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከ1,700 ሜትር ይበልጣል። ፒካፑና ተሳቢው ከነጭነታቸው 4 ቶን ቢመዝኑ፣ በዚህ መንገድ የሚለቀቀው ጉልበት አንድ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን አየርና ጎማ ይወስዱታል፤ የቀረውን ሞተሩ ካልያዘው የፍሬኑ ሸራ ይቀበለዋል። የፍሬን ዘይት ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ቢረገጥም ባዶ ነው። ስለዚህ ማርሽ የሚቀነሰው አፋፉ ላይ ሳይደርሱ ነው፤ ዳገቱን በሚያወጣው ማርሽ መውረድ ይሻላል። ፍሬን ጠንከር ተደርጎ ይያዝና ይለቀቃል እንጂ እግር አይቀመጥበትም። ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ ላይ መውረድ ዕብደት ነው።

ከፍታውም የራሱ ዕዳ አለው። በጣርማ በር አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ይደክማል፣ በአየር ግፊት ልዩነት የሚሠራው የፍሬን ማገዣም እንዲሁ።

ብዙዎቹ ፒካፖች የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ እስከ 750 ኪሎ ግራም፣ ፍሬን ያለው ሲሆን እንደ ሞዴላቸው እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ይፈቀድላቸዋል። ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ካጋደለ ተሳቢው ይወዛወዛል። ያን ጊዜ ነዳጅ ለቅቆ መሪን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው።

የአካባቢው ሰው ይህን ገደል ከጥንት ያውቀዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቆላ በግመል የሚመጣው የነጋዴ ጭነት በዚሁ ገደል አናት ወዳለችው አንኮበር ከተማ የሚወጣው በበቅሎና በአህያ ነበር።

ጣርማ በር ላይ ጉም ይበዛል። ከቆሙ የተሳቢውንም ጎማ ታኮ ያድርጉለት፤ ታኮው ድንጋይ ከሆነ ሲነሱ ከአስፋልቱ ያንሱት፣ ከኋላ በጉም ውስጥ የሚመጣ አለ።