ንብ በቤት ወይም በግቢ ሲሰፍር፦ ሳይገድሉ ማስነሣትና የንድፊያ ሕክምና

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአበባ ሲሸፈን የንብ መንጋ ከቀፎው ተከፍሎ አዲስ ማደሪያ ፍለጋ ይወጣል። በግቢዎ ዛፍ ወይም በበረንዳው ጣሪያ ሥር እንደ ዘለላ ተንጠልጥሎ ቢያገኙት አይደናገጡ። አውራዋን ከቦ ያረፈው ቃኚዎቹ ቦታ እስኪያገኙለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ባለው ጊዜ ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል። የሚጠብቀው እጭም ሆነ ማር ስለሌለው ካልነካኩት በሰው ላይ የመነሣቱ ዕድል አነስተኛ ነው። ልጆችን ያርቁ፤ በሩንና መስኮቱን ይዝጉ። የታሰረ ውሻ፣ በግ ወይም አህያ ካለ ሌላ ቦታ ይውሰዱት፤ ታስሮ መሸሽ አይችልምና።

በግድግዳ ወይም በኮርኒስ ውስጥ የሰነበተ መንጋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ንቦቹ በአንድ ቀዳዳ እየተመላለሱ፣ በእግራቸው የአበባ ብናኝ ተሸክመው ሲገቡ ካዩ ውስጥ የማር እንጀራ ሠርተው እጭ እያሳደጉ ነው። እንዲህ ያለው መንጋ ቤቱን ይከላከላል።

ምን አይደረግ?

እሳት፣ ነጭ ጋዝ፣ ፍሊትና ድንጋይ ነገሩን ያባብሳሉ። አንዲት ንብ ስትነድፍ የምትለቀው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል፤ አንድ ሰው የጀመረው ጣጣ ለጎረቤትም ይተርፋል። ቀዳዳውን በሲሚንቶ መድፈንም አይበጅም፤ ንቦቹ በሌላ ስንጥቅ ወደ መኝታ ቤትዎ ሊወጡ ይችላሉ። መርዝ ከተረጨ ማሩ አይበላም፤ ውስጥ የቀረው ማርና የሞተው ንብ ይበሰብሳል፣ ጉንዳን ይጠራል፣ የሰፈፉ ሽታም ሌላ መንጋ ይስባል።

ማን ያንሣው?

ንብ አናቢ። የሚያውቁት ከሌለ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በአገራችን መንጋ ለመያዝ ባዶ ቀፎ በወይራ ጭስ አጥኖ ዛፍ ላይ የሚሰቅል ገበሬ ሞልቷል፤ እርስዎን ያስጨነቀዎት ንብ ለእሱ ሀብት ነው። ሥራው የሚመረጠው ሲመሽ፣ ቀሳሚዎቹ ከተመለሱ በኋላ ነው። አናቢው በቀላል ጭስ አረጋግቶ አውራዋን፣ እጩንና እንጀራውን ወደ ቀፎ ያዛውራል። ከዚያ በኋላ ቦታው ይጸዳል፣ ቀዳዳውም ይደፈናል። ቤተሰቡ በዚያ ምሽት ዘመድ ቤት ቢያድር ይመረጣል። ከዚህ በፊት በንብ ተነድፎ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን በፍጹም አጠገቡ አይቁም።

ቢነድፉስ?

መንጋው ከተነሣ ፊትዎን ሸፍነው፣ ሳያራግቡ፣ በቀጥታ ወደ ቤት ወይም መኪና ሮጠው ገብተው ይዝጉ። ውኃ ውስጥ መግባት አያድንም፤ ብቅ እስኪሉ ሊጠብቁዎት ይችላሉ።

ንብ መንደፊያዋን ከመርዝ ከረጢቷ ጋር ቆዳ ላይ ትታ ትሄዳለች፤ ከረጢቱም መርዙን የሚጨርሰው በሰከንዶች ውስጥ ነው። ስለዚህ ወዲያው ያውጡት። በጥፍር ይሁን በካርድ የሚለው ክርክር ጊዜ ማባከን ነው። ቦታውን በሳሙና ይጠቡ፣ ቀዝቃዛ ነገር ይያዙበት፤ ጭቃ አይቀቡበት። እብጠትና ማሳከክ ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ አያስደነግጥም።

የሚያስደነግጠው ከተነደፈው ቦታ ውጭ የሚታየው ነው፦ መላ ሰውነት ላይ ሽፍታ፣ የምላስ ወይም የጉሮሮ እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ማስመለስ፣ ራስን መሳት። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል፤ ሕይወት የሚያተርፈውም ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። የአለርጂ ክኒን አይተካውም። ታማሚውን አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉ፣ መተንፈስ ከከበደው ደግፈው ያስቀምጡት፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ያድርሱት። ቢሻለውም ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ለክትትል ይቆያል።

አለርጂ የሌለበት ሰውም በብዙ ንብ ከተነደፈ መርዙ ራሱ ይጎዳዋል። አንድ አዋቂ ከ50 በላይ ንድፊያ ካለው፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በጣም ባነሰም፣ ደህና ነኝ ቢልም ይመርመር። የጡንቻና የኩላሊት ጉዳት ከአንድ ቀን በኋላም ሊገለጥ ይችላል፤ ሽንት ከቀላ፣ ከጠቆረ ወይም ከቀነሰ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።