የቍስል ሕክምናና አምብሯዝ ፓሬ

በ16ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሐኪሞች፥ ጥይት ያቈሰለው ሰው በባሩድ ተመርዟል ብለው ስለሚያምኑ፥ በቍስሉ ውስጥ የፈላ ዘይት ያፈሱበት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1536 እስከ 1538 ዓ.ም. በተደረገው የኢጣልያ ጦርነት፥ በቶሪኖ አቅራቢያ፥ ወጣቱ ፈረንሳዊ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ዘይቱ አለቀበት። ስለዚህ የእንቍላል አስኳል፥ የጽጌ ረዳ ዘይትና ተርፐንታይን ቀላቅሎ የቀሩትን ቍስለኞች ቀባቸው። ያ መርዝ ይገድላቸው ይሆን እያለ ሲጨነቅ ዕንቅልፍ ሳይወስደው አደረ።

በማለዳ ሲጐበኛቸው ግን የተቀቡት ሕመሙ ቀሎላቸው፥ በዘይት የተቃጠሉት በትኵሳትና በእብጠት ሲሠቃዩ አገኛቸው። ከዚያ ወዲያ ቍስለኛን በዘይት ላለማቃጠል ቈረጠ። ያየውንም በ1545 ዓ.ም. በፈረንሳይኛ አሳተመው፤ ላቲን ያልተማሩትም ሐኪሞች አነበቡት።

ቍስልን የሚያድነው ሰውነት ራሱ እንደ ሆነ ዛሬ ታውቋል። ደም ይረጋል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ተሐዋስያንን ያጠፋሉ፤ አዲስ ሥጋ ከሥር ይሞላል፤ ቈዳም ከዳር ወደ መካከል ይገጥማል። የፈላ ዘይት ይህን ሁሉ የሚሠራውን ሕያው ሥጋ ይገድል ነበር። የሐኪሙ ድርሻ ቍስሉን ማጠብ፥ መሸፈንና መጠበቅ ነው።

መድኃኒት ያለቀበት ሐኪም ብዙ ነው፤ በማለዳ ተነሥቶ በዓይኑ ያየውን ከተማረው ያስበለጠ ግን ጥቂት ነው።